ዱድ ሼሜሽ በየጣሪያው እንዴት ወጣ?

በእስራኤል ከተሞች ቀና ብሎ ጣሪያ የተመለከተ ሰው ነጫጭ በርሜሎችና መስታወት የለበሱ ጥቋቁር ሰሌዳዎች ተደርድረው ያያል። በዕብራይስጥ ዱድ ሼሜሽ ይባላሉ፤ የፀሐይ ጋን እንደ ማለት ነው። አዲስ ለገባ ቤተሰብ ስለ እነርሱ በመጀመሪያ የሚነገረው የመብራቱን ማብሪያ አጥፍቶ መውጣት እንዳለበት ነው። ከየት እንደ መጡ ግን ብዙም አይነገርም። ታሪካቸው የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ታሪክ ነው። ነዳጅ የሚቆጥብ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ላይ ተጨማሪ ወጪ አለ፤ ጥያቄው ያንን ወጪ ማን ይክፈል የሚል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእስራኤል መንግሥት በ1948 ከተመሠረተ በኋላ እስከ 1951 መጨረሻ ባሉት ጥቂት ዓመታት የአይሁዱ ሕዝብ ቁጥር በስደተኞች ምክንያት በእጥፍ አደገ። ዘመኑ ጼና ይባል የነበረው የችግርና የቁጠባ ጊዜ ስለ ነበር ምግብና ልብስ በቁጥር ይታደል ነበር። ነዳጅ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን ምንዛሪው ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት (በእኛ ሰዓት አቆጣጠር) ውሃ ማሞቅ እስከ መከልከል ደረሰ።

ሌዊ ይሳር የተባለ መሐንዲስ የፀሐይ ማሞቂያ ሠርቶ በ1953 ነር ያህ የሚባል ድርጅት ያቋቋመው በዚህ ጊዜ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከታች ያለው ጥቁር ሰሌዳ ፀሐይ ሲመታው በውስጡ ባሉት ቧንቧዎች ያለው ውሃ ይሞቃል፤ የሞቀ ውሃ ስለሚቀል በራሱ ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ ቀዝቃዛውም በቦታው ይወርዳል። ሞተር የለው፣ ነዳጅ አይፈልግ። በ1955 ደግሞ ከእንግሊዝ አገር መጥቶ በኢየሩሳሌም ይሠራ የነበረው ሳይንቲስት ሃሪ (ጽቪ) ታቦር የፀሐይን ብርሃን የሚስብ፣ የያዘውን ሙቀት ግን በቀላሉ የማይለቅ ጥቁር ቅብ አቀረበ።

ፀሐይዋ በነፃ ናት፤ ዕቃው ግን በነፃ አይደለም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲገዛ ርካሽ፣ ሲሠራበት ውድ ነው። የፀሐዩ ማሞቂያ ደግሞ ሲገዛ ውድ ሆኖ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ያወጡት ገንዘብ በስንት ዓመት እንደሚመለስ የሚወስነው እንግዲህ የመብራት ዋጋ ነው። በ1967 ወደ 50,000 የሚጠጉ ማሞቂያዎች ተሸጠው ከሃያ ቤተሰብ አንዱ ያህል በፀሐይ ውሃ ያሞቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ። ከኢራን ርካሽ ነዳጅ ይገባ ነበር፤ ከስድስቱ ቀን ጦርነት ወዲህ የሲና የነዳጅ ጉድጓዶችም በእስራኤል እጅ ገብተው ስለ ነበር መብራት ረከሰ። ፀሐይዋ ያው ነች፣ ዕቃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ሒሳቡ ብቻ ነው።

ነገሩን የገለበጡት ቀጥለው የመጡት ዓመታት ናቸው። በ1973 የዓለም ነዳጅ ዋጋ ናረ፤ በ1975 የአቡ ሩዴስ ጉድጓዶች ለግብፅ ተመለሱ፤ በ1979 የኢራን አብዮት ከዚያ የሚመጣውን ነዳጅ ዘጋ። በ1980 እያንዳንዱ አዲስ መኖሪያ ቤት የፀሐይ ማሞቂያ እንዲኖረው በሕግ ተደነገገ፤ ጣሪያቸው ለነዋሪው ሁሉ የማይበቃ ረጃጅም ሕንጻዎች ብቻ ቀሩ።

ሕግ ለምን አስፈለገ? ቁጠባው ጠቃሚ ከሆነ ሰው ራሱ አይገዛውም ነበር ወይ? እዚህ ላይ አገራችንን ማስታወስ ይረዳል። በጎንደርና በትግራይ ገጠር ጎጆ ሲሠራ እንጨቱን የሚያቆመው፣ ጭቃውን የሚመርገውና ሣሩን የሚከድነው በቤቱ ውስጥ የሚያድረው ሰው ራሱ ነው፤ ጎረቤት በደቦ ያግዘዋል። ግድግዳውን ቢያሳሳ በብርድ የሚቀጣው ራሱ ነው። በከተማ ግን ሠሪው ሌላ፣ ነዋሪው ሌላ ነው። ሥራ ተቋራጩ ርካሹን ማሞቂያ ቢያስገባ ትርፉ የእርሱ ነው፤ የመብራቱ ሒሳብ በየሁለት ወሩ የሚመጣው ለነዋሪው ነው። ቤት ተከራይቶ የሚኖርማ በሰው ጣሪያ ላይ ገንዘቡን አያፈስስም። የ1980ው ሕግ ሁሉም ተቋራጭ እኩል እንዲያስገባ በማድረጉ «እኔ ባስገባ ጎረቤቴ ርካሽ ይሸጣል» የሚለውን ምክንያት አስቀረ። ወጪው በቤቱ ዋጋ ውስጥ ገብቶ ገዢው ከማሽካንታው ጋር በየወሩ እያቃለለ ይከፍለዋል። ገና ሲገነባ የሚገባ ቧንቧ ደግሞ በኋላ ግድግዳ ተፈልፍሎ ከሚገባው በብዙ ይረክሳል። በእኔ አስተያየት የሕጉ ትልቁ ጥበብ ይህ ነው።

የተቃራኒውን ሒሳብ ከእኛ ወገን ብዙዎች በአካላቸው ያውቁታል። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ በቀራቫን ሰፈሮች ኖረዋል። ቀራቫን ቶሎ ይቆማል፣ ለሠሪውም ይቀላል፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ግን በበጋ እንደ ምጣድ ይግላል፣ በክረምት ይቀዘቅዛል። ሲሠራ የተቆጠበው ገንዘብ በኋላ በማሞቂያ ይወጣል።

ስለዚህ ቤት ለመግዛትም ሆነ ለመከራየት ስትሄዱ የወሩን ክፍያ ብቻ አትጠይቁ። ዱዱ የፀሐይ ነው ወይስ የመብራት? ይሠራል? በርሜሉ የግል ነው? ከላይ ያለው ጣሪያና ውጭውን የሚያየው ግድግዳ ሙቀት መከላከያ አላቸው? በተለይ በረጅም ሕንጻ ውስጥ ዱዱ የመብራት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄው ዛሬ ከውሃ ማሞቂያ አልፎ ወደ መላው ሕንጻ ሄዷል። የእስራኤል ደረጃ 5281 የሚባለው የአረንጓዴ ግንባታ መመዘኛ የመብራትንና የውሃን ቁጠባ፣ የግንባታ ዕቃውን፣ የቤቱንም አቀማመጥ ይመለከታል። መጀመሪያ በፈቃደኝነት የሚሠራበት ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ ግን ለአብዛኞቹ አዳዲስ ሕንጻዎች ግዴታ ሆኗል። ቀድሞ የተሠሩትን፣ በተለይ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ለስደተኛ ተብለው በችኮላ የቆሙትን ስስ ግድግዳ ያላቸውን ሺኩኖች፣ ግን አያስገድድም፤ ከወገኖቻችንም ብዙዎች ዛሬ የሚኖሩት በእነዚያ ውስጥ ነው።