አገር ያጣው ኅብረ ዝማሬና ስሙ የጠፋው ዜማ

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ በስደት የምንኖር ሁሉ የዲሴምበር ወር በገባ ቁጥር በየገበያ አዳራሹና በየቴሌቪዥኑ አንድ ዜማ ጆሯችንን ሳይመታው አይቀርም። አራት ኖታ ብቻ ያላት አጭር ሐረግ ሳታቋርጥ ትመላለሳለች፤ ሌሎች ድምፆች ከላይና ከሥር እየመጡ ያጅቧታል። ፈረንጆቹ «የደወሎች መዝሙር» ይሉታል፤ የገናቸው ጌጥ ነው። ዜማው ከዩክሬን ገጠር የተነሣ፣ ባሕር የተሻገረውም አገራቸውን ባጡ ሰዎች አንደበት መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1876 የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር፣ ለመዝናናት በሄደባት ኤምስ በተባለች የጀርመን ከተማ ሆኖ አንድ ድንጋጌ ፈረመ። በዩክሬንኛ መጽሐፍ ማሳተም ተከለከለ፤ ቴአትር ማሳየት ተከለከለ፤ በሙዚቃ ኖታ ሥር የዩክሬንኛ ግጥም ማተም እንኳ ተከለከለ። ይሁን እንጂ ገበሬ በእርሻው ላይ ሲያዜም የሚያግድ ሳንሱር ከቶ አልተገኘም። ሚኮላ ሊሴንኮ የተባለው የዜማ ደራሲ የገጠሩን ዘፈን እየሰበሰበ በኖታ ጻፈ፤ ወጣቶችም ተከተሉት። ከእነርሱ አንዱ የኅብረ ዝማሬ መሪው ኦሌክሳንደር ኮሼትስ ነው። ሌላው የገጠር ቄስ ልጅና መምህር የነበረው ሚኮላ ሌዎንቶቪች ሲሆን፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ከሚዘፈን የባላገር ዘፈን «ሽቸድሪክ» የተባለውን ሥራ ያበጀ እርሱ ነው። የዘፈኑ ነገር ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ ነው፤ ወደ ቤት በርራ ገብታ የቤቱን ጌታ የበጎቹን መውለድና የዓመቱን በረከት ታበሥረዋለች። ደወልም ገናም የለበትም። በዲሴምበር 1916 በኪየቭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው በኮሼትስ የሚመራው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅብረ ዝማሬ ነበር።

ዘውዱ በ1917 ወደቀ፤ በጃንዩወሪ 1918 ዩክሬን ነፃነቷን አወጀች። ዓመት ሳይቆይ በ1919 መጀመሪያ የቦልሼቪክ ጦር ወደ ኪየቭ ሲገሰግስ፣ የጦር አዛዡና ኋላም የአገሪቱ መሪ የሆነው ሲሞን ፔትሊዩራ ኅብረ ዝማሬ ተቋቁሞ ወደ አውሮፓ እንዲላክ አዘዘ። ጠላት ከደጅ ቆሞ ሳለ ዘፋኝ መሰብሰብ ምን ይሉታል? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ነገር ግን በዚያው ወቅት ኃያላኑ በፓሪስ ተሰብስበው የዓለምን ካርታ እያረሙ ነበር፤ ዩክሬናውያንንም ከሩሲያ ሕዝብ ለይቶ የሚያውቃቸው እምብዛም አልነበረም። መልእክተኞቹ በማመልከቻ ሊያስረዱት ያልቻሉትን በጆሮ በኩል ለማስረዳት ታሰበ ማለት ነው።

በፌብሩዋሪ ኪየቭ ተያዘች። ዘማሪዎቹ ወደ ምዕራብ ሸሹ፤ ድንበር ተሻግረውም በሜይ 1919 በፕራግ መድረክ ላይ ቆሙ። የቋንቋውን አንድ ቃል የማያውቅ ሕዝብ በጭብጨባ ተቀበላቸው። የቼክ የሙዚቃ ሊቅ ዝዴኔክ ኔየድሊ፣ እኛ ቼኮች ይህን ሕዝብ ሳናውቅ፣ ያለ ፈቃዱም ከሩሲያ ጋር አንድ አድርገን በመቁጠር በድለነዋል ሲል ጻፈ። አንድ ምሁር በአደባባይ «ተሳስተን ነበር» ብሎ እንዲጽፍ ማድረግ ስንት የዲፕሎማሲ ደብዳቤ ይጠይቅ ይሆን?

ከፕራግ ወደ ቪየና፣ ከዚያም ወደ ስዊዘርላንድ አለፉ። እዚህ ላይ ግን ራሳችንን ማታለል አያስፈልግም፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ፓሪስ ሲደርሱ የቬርሳይ ውል ከተፈረመ ወራት አልፈው ነበር። ያጨበጨበላቸው ሕዝብ እንጂ ካርታውን የያዙት ሰዎች አልነበሩም። በ1921 የሪጋ ውል አገራቸው በሶቪየቶችና በፖላንድ መካከል ተከፈለች። የመንግሥት መልእክተኛ ሆኖ የወጣው ቡድን በመንገድ ላይ ሳለ የላከው መንግሥት ጠፋ።

ሌዎንቶቪችም ይህን ሁሉ ሳያይ ቀረ። ጃንዩወሪ 23 ቀን 1921፣ በአባቱ ቤት የሌሊት እንግዳ ሆኖ ያደረ ሰው ተኩሶ ገደለው። እንግዳው የቦልሼቪኮቹ የስለላ ድርጅት የቼካ ባልደረባ እንደነበር በይፋ የታወቀው ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ በወጣ ሰነድ ነው። ደራሲው ዕድሜው 43 ነበር።

ዜማው ግን ጉዞውን ቀጠለ። ኦክቶበር 5 ቀን 1922 በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ አሜሪካውያን «ሽቸድሪክ»ን ሰሙ፤ በዚያው ዓመት በሸክላ ተቀረጸ፤ ኅብረ ዝማሬውም እስከ ሜክሲኮ፣ ብራዚልና አርጀንቲና ዘለቀ። በ1936 ፒተር ዊልሆስኪ የተባለ፣ የዘር ሐረጉ ከዚያው አካባቢ የሚመዘዝ አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰው የእንግሊዝኛ ግጥም አበጀለት። ወፏ ሄደች፤ ደወሎቹ መጡ። በእኔ አስተያየት የነገሩ መራራ ክፍል ይህ ነው፤ ሙዚቃ ድንበር ሲሻገር ፓስፖርቱን ይዞ አይሻገርም፤ ሰሚው ዜማውን ይወድና የባለቤቱን ስም ሳይጠይቅ የራሱ ያደርገዋል። ሆኖም ዊልሆስኪ ባይኖር ኖሮ ዜማው ከሸክላው ጋር አቧራ ለብሶ በቀረ ነበር ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ እኔም ፈጽሞ ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም።

ኮሼትስ የጉዞውን ታሪክ «ከዘፈን ጋር በዓለም ዙሪያ» በተሰኘ ማስታወሻው ጽፎ ትቶልናል። ኪየቭን ዳግመኛ ሳያይ በ1944 በካናዳ፣ በዊኒፔግ ከተማ አረፈ።

ዲሴምበር 4 ቀን 2022፣ ሩሲያ በዩክሬን ላይ ሙሉ ወረራ በከፈተችበት ዓመት፣ የመቶ ዓመቱ መታሰቢያ በዚያው በካርኔጊ አዳራሽ ተከበረ። በመድረኩ ላይ ከዘመሩት መካከል ስሙን ከዚሁ ዘፈን የወሰደው የኪየቭ የሕፃናት ኅብረ ዝማሬ «ሽቸድሪክ» ይገኝበት ነበር።