የተኳሹ አውራ ጣት፦ ከሐረር የጦር መሣሪያ ታሪክ አንድ ገጽ

ከሐረር ከተማ በስተ ደቡብ ከፍ ብሎ የሚታየው ሐኪም ጋራ፣ ስሙ የሙያው ሰዎችን ደስ ቢያሰኝም፣ ስያሜውን ያገኘው በዚያ ከሚዘከሩት ሼኽ እንጂ ከሕክምና አይደለም። ከጋራው ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የጁገል ግንብና በውስጡ የታጨቁት ቤቶች ባንድ እይታ ይገባሉ። ባለፉት አንድ መቶ ሰባ ዓመታት ከጋራው ግርጌ ወዳለችው ከተማ የገባው የጦር መሣሪያ ዓይነቱ ብዙ ነው። የታሪክ ጸሐፍት መሣሪያው ማንን እንደጣለና ማንን እንዳነገሠ በሰፊው ጽፈዋል። የያዘውን እጅ ምን እንዳደረገው የሚያነሣ ግን እምብዛም የለም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን የተዘነጋ ጉዳት ነው፤ በተለይም ሽጉጥ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የላይኛው ብረት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ እንዴት እንደሚቆርጥና ጉዳቱን ለመከላከል ምን እንደተደረገ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጃንዋሪ 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሲቆይ ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በወገቡ እንደታጠቀ ራሱ ጽፏል። ያ ሽጉጥ ጥይቱን በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚይዝ ነበር። በባለ ከበሮ ሽጉጥ ከተኳሹ እጅ በላይ ወደ ኋላ የሚሮጥ ከባድ ብረት የለም። አደጋው ያለው ከፊት ነው፤ በከበሮውና በአፈ ሙዙ ቧንቧ መካከል ካለው ቀጭን ክፍተት የጋለ ጋዝና የእርሳስ ብናኝ ወደ ጎን ይፈናጠራል። ስለዚህ የሠለጠነ ተኳሽ ደጋፊ እጁን ከፊት ያርቃል፤ የግራ አውራ ጣቱንም ከቀኝ እጁ ጀርባ ላይ አሻግሮ ያሳርፋል። ለባለ ከበሮው ይህ አያያዝ ትክክለኛ ነው። አንባቢ ይህችን አውራ ጣት ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ከበርተን ሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1875፣ የግብፅ ጦር ሐረርን ይዞ እስከ 1885 ቆየ። ግብፃውያኑ የታጠቁት ረሚንግተን ጠመንጃ ነበር። በ1887 ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ከተማዋን ሲይዙ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ ከ2,000 በላይ ጠመንጃ ወደ ሸዋ በማጓጓዝ ላይ ነበር። ስለ ዕቃው ጥራት ነጋዴው ራሱ አልዋሸም፤ ለቤተ ሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ መሣሪያዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ፣ በሊየዥ ወይም በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ ሰባት ስምንት ፍራንክ የሚያወጡ መሆናቸውን ገልጿል። ከዚያ በኋላ በራስ መኰንን ዘመንና ከዚያም ወዲህ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ እየተባለ የሚጠራው ሁሉ በየተራ መጣ። የእነዚህ ጠመንጃዎች ጠባይ ይለያያል፤ በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ። መዝጊያው የሚከፈተውና የሚዘጋው በሰው እጅ ነው። እጅ ካላዘዘው ብረቱ ከቦታው አይንቀሳቀስም። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ያደገ ሰው ሲተኩስ ትከሻውን ስለሚመታው ሰደፍ ያስብ ይሆናል፤ ጣቱን ስለሚቆርጠው ብረት ግን የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም።

ይህን ልማድ የሰበረው ዕቃ የተሠራው ከዚያው ከሊየዥ አጠገብ ነው። በኤርስታል የሚገኘው ኤፍ ኤን የተባለው የቤልጅግ ፋብሪካ አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን ሽጉጥ በ1900 ገደማ ለገበያ አቀረበ። በዚህ ሽጉጥ የላይኛው ብረት በባሩዱ ኃይል ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ይጥላል፤ በምንጩ ኃይል ተገፍቶ ሲመለስም አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ይህ ሁሉ ዓይን ተጠቅሶ ሳይከፈት ያልቃል። ከእጅ ቀጥሎ የሚታዘዝ ብረት ቀርቶ ያለ እጅ የሚሠራ ብረት መጣ፤ የሚሮጥበትም መንገድ ከተኳሹ መዳፍ በላይ፣ ከሥጋው በጣም ጥቂት ርቀት ላይ ነው።

ጉዳቱ ሁለት መልክ አለው። እጅ በመያዣው ላይ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ሲይዝ፣ ወይም ሽጉጡ ትንሽ እጁም ወፍራም ሲሆን፣ ሥጋው ከመያዣው ጅራት በላይ ያብጥና የብረቱ ሁለት የታች ጠርዞች ሲያልፉ እንደ ባቡር ሐዲድ የተጓዳኙ ሁለት መስመሮች ቆርጠውበት ይሄዳሉ። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ኋላ የተቃጣው መዶሻ ሥጋውን ከጅራቱ ጋር አጣብቆ መቆንጠጡ ነው። በ1911 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ኮልት በዚህ በሁለተኛው ይታማ ነበር፤ ስለዚህ በ1920ዎቹ ሲሻሻል ከተደረጉት ለውጦች አንዱ የመያዣውን ጅራት ማስረዘም ሆነ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ዋልተር ፒ ፒ ኬ በመጀመሪያው ይታወቃል። የእርሱ ጅራት በአሜሪካ ሲመረት እንዲረዝም የተደረገው ከ2000 ወዲህ ነው። አንድ ጉድለት ታውቆ ሰባ ዓመት ሳይታረም መቆየቱ፣ መሣሪያ ሠሪዎች ስለሚመታው ኢላማ እንጂ ስለሚተኩሰው እጅ ብዙም እንደማይጨነቁ ያሳያል።

ጅራት ማስረዘም ግን የማይፈውሰው ሌላ ስሕተት አለ፤ ያቺ የተሻገረች አውራ ጣት። በባለ ከበሮ ሽጉጥ የሠለጠነ ሰው፣ ወይም ከእርሱ የተማረ ሰው፣ አዲሱን ሽጉጥ ሲይዝ የግራ አውራ ጣቱን እንደ ለመደው ከቀኝ እጁ ጀርባ ያሳርፋታል። ቦታዋ አሁን ልክ ከሚንሸራተተው ብረት ኋላ ነው። ከሁሉም የከፋው ቁስል የሚመጣው በዚህ አያያዝ ነው፤ ምክንያቱም ብረቱ ሥጋውን ገርፎ አያልፍም፣ በሙሉ ኃይሉ መገጣጠሚያውን ይመታል እንጂ።

በሐረር የዘመናዊ መኮንንነት ትምህርት የተጀመረው የሐረር ጦር አካዳሚ በ1958 ሲከፈት ነው። አስተማሪዎቹ የሕንድ መኮንኖች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ በ1953 ከአሜሪካ ጋር በተፈራረመችው ስምምነት መሠረት የአሜሪካ መሣሪያ ትቀበል ነበር፤ ባለ ስምንት ጎራሹ ኤም ዋንም ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ በዘመተው በቃኘው ሻለቃ እጅ ተፈትኖ ነበር። ኤም ዋን ጠመንጃ ቢሆንም የጉዳቱ ምክንያት የሽጉጡ ወንድም ነው። ስምንቱ ጥይቶች የታሰሩበት ክሊፕ በአውራ ጣት ወደ ታች ሲገፋ መዝጊያው በገዛ ራሱ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ጣቱን በጊዜ ያላነሣ ወታደር ጥፍሩ ሥር ደም ይቋጥራል፣ አንዳንዴም የጣቱ ጫፍ አጥንት ይሰበራል። አሜሪካውያን ወታደሮች ጉዳቱን «የኤም ዋን አውራ ጣት» ብለው ሰይመውታል። መድኃኒቱ ብረት መለወጥ አልነበረም። በመዳፍ ጠርዝ የመዝጊያውን እጀታ ወደ ኋላ ደግፎ ይዞ በአውራ ጣት ማጉረስ፣ ከዚያም መዳፍን መልቀቅ ነው። ይህን አሥር ጊዜ ቀስ ብሎ ያደረገ ምልምል ጣቱን ያድናል፤ በሰልፍ ፊት ተቻኩሎ የሚያደርገው ግን ለጉዳት ይጋለጣል።

አካዳሚው በ1977 ተዘጋ። በዚያው ዓመት የሶማሊያ ጦር እስከ ሐረር ዳርቻ ሲደርስ የኢትዮጵያ ሠራዊት የአሜሪካውን መሣሪያ ትቶ ወደ ሶቪየቱ ይሸጋገር ነበር። በመኮንኖች ወገብ ላይም ማካሮቭ መታየት ጀመረ፤ ይህም ብረቱ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሽጉጥ ነው። መሣሪያው በችኮላ ሲለወጥ የእጅ ልማድ አብሮ እንደማይለወጥ ከላይ የተባለው ይበቃል።

መከላከያው ዛሬ የታወቀ ነው። ቀኝ እጅ ከጅራቱ ሥር እስከሚችለው ከፍ ይላል፤ ከጅራቱ በላይ ግን ምንም ሥጋ አይወጣም። ሁለቱም አውራ ጣቶች በሽጉጡ ግራ ጎን ወደ ፊት ተዘርግተው አንዱ ከሌላው በላይ ይተኛሉ፤ ከብረቱ ኋላ ምንም ጣት አይቀመጥም። አሠልጣኝ ተኩስ ከማዘዙ በፊት ከተኳሹ ጎን ቆሞ የሚያየው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ሊሆን ይገባል። መያዣው ለእጁ ያነሰበት ሰው ሌላ ሽጉጥ ይሰጠው፤ እጅን ከሽጉጥ ጋር ለማስማማት መታገል ዋጋ የለውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቆሰለው ሰው ከሐኪም ፊት ሲቀርብ፣ በሕይወት ፋናም ይሁን በጁገል ሆስፒታል፣ ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ይመስላል። ታካሚውም ስለሚያፍር «በር ቆረጠኝ» ይል ይሆናል። የተጓዳኙት ሁለት መስመሮች ግን ታሪኩን ይናገራሉ። ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት የአውራ ጣት ጫፍ በሁለቱም ጎን ስሜት እንዳለው መፈተሽ፣ ታካሚው አውራ ጣቱን ቀና እንዲያደርግ አዝዞ የዘርጊው ጅማት አለመበጠሱን ማረጋገጥ፣ መገጣጠሚያው ከተመታ ራጅ ማስነሣት ያስፈልጋል። ቁስሉ የባሩድ ጥላሸትና የመሣሪያ ዘይት ስላለበት በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አይዘነጋም። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ቆዳ በጠባሳ ከተኮማተረ አውራ ጣት ከመዳፍ ርቆ አይከፈትም፤ ብርጭቆም ሆነ የመጥረቢያ እጀታ ለመጨበጥ የሚያስፈልገው መከፈት ደግሞ ይኸው ነው። ስለሆነም ቆዳው ተወጥሮ አይሰፋም፤ ፋሻው ሲታሰር አውራ ጣት ከሌባ ጣት ተለይቶ ተከፍቶ ይታሰራል፤ ቁስሉ እንደፈቀደም በጥቂት ቀናት ውስጥ ማንቀሳቀስ ይጀመራል።