እንሶስላን በአበባው ለዩት፣ በጓሮ ትከሉት

«ሙሽሪት እንሶስላ ሞቀች» ሲባል ያልሰማ የጋይንት፣ የስማዳም ሆነ የእስቴ ሰው አይገኝም። ግን እስቲ ተክሉን ከነአበባው አሳዩን በሉ፤ ስንቱ ያሳያችኋል? አብዛኞቻችን የምናውቀው ተቆፍሮ የመጣውን ወፍራም ሥር ብቻ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ፣ ሙሉውን ነቅሎ የወሰደ ሰው ተክሉን ከቦታው አጠፋው ማለት ነው። ቅጠል ለቅሞ እንደመሄድ አይደለም።

ሳይንሳዊ ስሙ ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ ነው። ቲንክቶሪያ በላቲን ለማቅለሚያ የሚሆን ማለት ሲሆን፣ ኢምፔሸንስ ደግሞ ትዕግሥት የለሽ ማለት ነው። ለምን መሰላችሁ? የደረሰውን ፍሬ ስትነኩት ጠብ ብሎ ይፈነዳና ዘሩን ይረጫል።

መለየት ከባድ አይደለም። ግንዱ ውሃ የቋጠረ፣ ለስላሳና በቀላሉ የሚሰበር ነው፤ ከተመቸው ከሰው ቁመት ይበልጣል። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። አበባው ትልቅና ነጭ ሆኖ ወደ መሀሉ ወይን ጠጅ ቀለም ጣል ያደርጋል፤ ከኋላው ቀጭን ረዥም ጅራት አለው። ሽታው የሚጠነክረው ሲመሽ ነው፤ የሌሊት የእሳት ራቶችን የሚጠራው በዚህ ነው። አበባው ቀይ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ ዘመዱ ኢምፔሸንስ ሮቲ ሊሆን ይችላል። እሱ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይበቅል ነውና አትንቀሉት።

የሚወደው ጥላና እርጥበት ነው። የምንጭ ዳር፣ የወንዝ ዳር፣ የገደል ሥር፣ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ፈልጉት። ወደ በሽሎ በሚወርደው የስማዳ ቆላ ያለ ውሃ መድከም ነው፤ የጉና ግርጌና የእስቴ ወይና ደጋ ይሻለዋል። ነፋስ መውጫ አካባቢ ደግሞ ውርጩ ግንዱን ሊያቃጥለው ይችላል፣ ሥሩ ግን ከተሸፈነ ከርሞ ያቆጠቁጣል።

ለመትከል የምትፈልጉ ዋናው ዘዴ ይሄ ነው፦ ክረምት መውጫ ላይ ሲያብብ አይታችሁ አጠገቡ ድንጋይ አስቀምጡ። በበጋ ግንዱ ሲደርቅ ቦታው ይጠፋባችኋላ! ከዚያ ምልክታችሁን ይዛችሁ ስትመለሱ፣ ዐይን ያለውን አንድ ቁራጭ ብቻ ውሰዱ፤ ሌላውን አፈር መልሱበት። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ መጀመሪያ ቄሰ ገበዙን ጠይቁ።

ጓሮ ውስጥ ከጌሾው ሥር ወይም ከቤቱ ጀርባ የማይደርቅ ቦታ ምረጡ። አፈሩን ቆፍራችሁ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት፣ ዐይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ አንድ ጋት ያህል ቅበሩት፣ ገለባ አልብሱት። ከአንዱ እስከ አንዱ አንድ ክንድ ተኩል ይራቅ። ውሃ አይጥፋበት፣ ግን አይተኛበት፤ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ቀንድ አውጣ ለጋውን ቅጠል ይወደዋል፣ ጠዋት ጠዋት ልቀሙለት። ከሥር የሚወጣውን ለጋ ቀንበጥ ቆርጦ መትከልም ይቻላል። በመጀመሪያው ዓመት ሥሩን አትንኩት። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ቶሎ ለማየት ይቸኩላል። በነገራችን ላይ እንግሊዝ አገር ያሉ አትክልተኞች ይሄንኑ ለአበባው ውበት ብቻ ብለው ያሳድጉታል።

ሲደርስ አሠራሩን እናቶች ያውቁታል፦ ሥሩ ታጥቦ ይወቀጣል፣ እጅና እግር ላይ ተደርጎ በጨርቅ ታስሮ ይታደራል። ዛሬ ዛሬ በዚህ ፈንታ በዱቄት የሚመጣ ሂና የሚጠቀም ብዙ ነው። ንጹሕ ሂና ክፋት የለውም። «ጥቁር ሂና» የሚባለው ግን ቶሎ እንዲጠቁር ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የሚጨመርበት አለ፤ ቆዳን አቁስሎ ጠባሳ ሊያስቀር ይችላል። ሠርግ ያላችሁ ከሆነ ሙሽሪት ላይ ከመዋሉ በፊት የተቀላቀለበትን ጠይቁ፤ ሻጩ ካልነገራችሁ አትግዙ።