አውቶማቲክ መኪና ሲቆም “ዲ” ወይስ “ኤን”?

በቅርቡ ወላይታ ሶዶ ሄጄ የእህቴ ልጅ በአሮጌ ቪትዙ ከተማውን ሲያዞረኝ አንድ ነገር አስተዋልኩ፡፡ ባጃጅ ፊታችን በቆመ፣ እግረኛ በተሻገረ ቁጥር ማርሹን ከ“ዲ” ወደ “ኤን” ይመልሳል፡፡ ምክንያቱን ብጠይቀው፣ “ጋሼ፣ ካምቢዮው እንዳይበላ ነው” አለኝ፡፡ አዲስ አበባም ይህን የሚሉ ብዙ ናቸው፡፡

ልማዱ የመጣው ከማኑዋል መኪና ይመስለኛል፡፡ እዚያ ማርሽ እንደገባ ለመቆም ፍሪሲዮን ረግጦ መያዝ ግድ ስለሆነ ዜሮ ማርሽ ማድረጉ ተገቢ ነው፡፡ በአብዛኞቹ አውቶማቲክ መኪኖች ግን ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል ዘይት የተሞላ ዕቃ ነው፡፡ ሞተሩ ዘይቱን ያሽከረክራል፤ ዘይቱ ደግሞ ካምቢዮውን ይገፋል፡፡ ፍሬን ተይዞ “ዲ” ላይ ሲቆም ዘይቱ ይንሸራተታል እንጂ በዚያ ቦታ የሚፋተግ ሸራ የለም፡፡ ጥቂት ሙቀት ይፈጠራል፣ ነዳጅም በመጠኑ ይጨምራል፤ ይኸው ነው፡፡ እንዲያውም በየደቂቃው “ኤን” እና “ዲ” ሲመላለስ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ሸራዎች በየጊዜው ይላቀቃሉ፣ ይያያዛሉ፡፡ ይህም ቢሆን ቶሎ አይጎዳቸውም፤ ግን “እንዳይበላ” ተብሎ የሚደረግ አይደለም፡፡

ስለዚህ ለአጭር ጊዜ ሲቆም “ዲ” ላይ ሆኖ ፍሬን መርገጥ ይበቃል፡፡ ቆይታው ከረዘመ “ኤን” ወይም “ፒ” አድርጎ የእጅ ፍሬን መያዝ ይሻላል፡፡ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ከሆነማ ሞተሩን ማጥፋት ነው፡፡

እኔን እንደ ሕግ ሰው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከካምቢዮው ይልቅ የሹፌሩ እግር ነው፡፡ “ዲ” ላይ ያለ መኪና፣ ሹፌሩ ስልክ ሲያነሳ እግሩ ከፍሬኑ ትንሽ ከላላ ነዳጅ ሳይሰጠው ይሄዳል፡፡ “ኤን” ላይ ያለውም የእጅ ፍሬን ካልተያዘ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፡፡ ሶዶ ደግሞ በዳሞታ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ዳገትና ባጃጅ የማይጠፋባት ከተማ ናት፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ፡፡ ሁለት መኪኖች ከተጋጩ ደግሞ የአንደኛው ሹፌር ጥፋት ብቻውን ወይም በዋናነት ለአደጋው ምክንያት መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ በቁጥር 2084 መሠረት ባለቤቶቹ ጠቅላላ ኪሳራውን እኩል ይካፈላሉ፡፡ “እግሬ አምልጦኝ ነው” ማለት ባለቤቱን ከዕዳ አያድነውም፡፡

ከሁሉ የከፋው ግን መኪናው እየሄደ ቁልቁለት ላይ “ኤን” ማድረግ ነው፡፡ ከሶዶ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ሲወረድ ነዳጅ ለመቆጠብ ይህን የሚያደርጉ አሉ፡፡ የሞተሩ የመያዝ ኃይል ስለሚጠፋ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬንም ሲግል ይከዳል፡፡ ቁጠባ የተባለውም ስሕተት ነው፡፡ ኢንጄክሽን ያላቸው መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ካነሳ ነዳጁን ራሳቸው ይቆርጣሉ፡፡ “ኤን” ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት፡፡ ለእንዲህ ያለው መንገድ “ኤል” ወይም “2” የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡

ይህን ለልጁ ስነግረው የሁምቦውን ቁልቁለት እስከዚያ ቀን ድረስ በ“ኤን” ሲወርድ እንደነበር ነገረኝ፡፡