ኃይሉን የሸሸገ ቤተሰብ

አንድ ግዙፍ አባት፣ ቀኑን ሙሉ በጠባብ ቢሮ ተጨናንቆ ሲሠራ ውሎ ከገባ በኋላ፣ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ለእራት ይቀመጣል። ሚስቱ ለወንዱ ልጃቸው ሥጋውን እንዲቆርጥለት ስትጠይቀው፣ ሐሳቡ ሌላ ዘንድ ስለ ነበረ ቢላዋውን ያለ ልክ ይጫነውና ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ሳህኑንም፣ ከሳህኑ በታች ያለውን ጠረጴዛም አብሮ ይቆርጠዋል። ሌላ ሳህን ሊያመጣ ወደ ማድ ቤት ሄዶ በዚያው ጋዜጣ ሲያነብ ቀርቶ ሳለ በማዕዱ ዙሪያ ጠብ ይነሣል፤ ልጁ ዓይን በማይከተለው ሩጫ እየዞረ እኅቱን ይነካካታል፣ እኅቱም ከዓይን ተሰውራ የማይታይ ጋሻ ትደቅንበታለች፣ እናት ከወንበሯ ሳትነሣ ክንዶቿን ከዳር እስከ ዳር አስረዝማ ሁለቱን ለመገላገል ትታገላለች፤ አባትም ተጠርቶ ሲመጣ ጠረጴዛውን ከነሰዎቹ ብድግ አድርጎ ይቆማል፤ ሕፃኑ ብቻ ሥራ ፈትቶ ይስቃል። በዚህ ጊዜ የበሩ ደወል ይጮኻል፤ ሁሉም በቅጽበት ወደየቦታው ይመለስና፣ እንግዳው ሲገባ የሚያገኘው እራቱን በጭዋነት የሚበላ አንድ ቤተሰብ ነው።

ይህ ትርኢት የሚገኘው ብራድ በርድ ጽፎ ባዘጋጀው፣ ፒክሳር የተባለው የካሊፎርኒያ ስቱዲዮ በሠራውና በኖቬምበር 5 ቀን 2004 ለአሜሪካ ሕዝብ በቀረበው «ዘ ኢንክሬዲብልስ» በተሰኘው የአኒሜሽን ፊልም ውስጥ ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ፊልሙ 92 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት በመላው ዓለም ከ630 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ በተከታዩ ዓመት የካቲት ወርም ሁለት የኦስካር ሽልማቶችን ተቀበለ። ነገር ግን ሕዝብ ለምን እንደ ወደደው የሚገልጸው ያ የእራት ማዕድ ይመስለኛል፤ ያ ማዕድ እንዴት እንደ ተሰናዳ ለማወቅም የሁለት ሙያዎችን ታሪክ፣ ይኸውም ልዕለ ኃያላን የሚባሉትን ጀግኖች የመፍጠርንና ሥዕልን የማንቀሳቀስን ሙያ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል።

የፊተኛው ታሪክ የሚጀምረው በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ ነው። ከአውሮፓ ከተሰደዱ የአይሁድ ቤተሰቦች የተወለዱ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ ደራሲ ሁለተኛው ሠዓሊ ሆነው፣ ሱፐርማን ብለው የሰየሙትን ጀግና ፈጠሩ፤ እርሱም በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» በሚባለው መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ታተመ። የመብቱ ዋጋ 130 ዶላር ነበር፤ አሳታሚዎቹ ከዚያ በኋላ ስንት እጥፍ እንዳተረፉበት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር የሚያሳዝን ነው። ሱፐርማንን ከጥንት ጀግኖች የለየው ጉልበቱ ብቻ አልነበረም፤ ሄርኩለስም ሶምሶንም ጉልበተኞች ነበሩ፤ እነርሱ ግን ኃይላቸውን በአደባባይ ሲገልጹ፣ ይህኛው መነጽር አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በጋዜጣ ቤት እንደ ማንኛውም ተራ ጸሐፊ ደመወዝ እየበላ የሚኖር ነበር። በእኛም አገር፣ በገዳማቱ አካባቢ ሲነገር እንደ ኖረው፣ ጸጋቸውን ከሰው ዓይን የሸሸጉ ስውራን አሉ፤ የነዚያ መሰወር ከውዳሴ ከንቱ ለመሸሽ ሲሆን የክሊቭላንዱ ጀግና መሰወር ግን የስደተኛ ልጅ መሰወርን ይመስላል፤ ከብዙኃኑ ጋር ተመሳስሎ ለመኖር ሲል ከሌላ ዓለም ያመጣውን በሸሚዙ ሥር ደብቆ ይዞራል።

ከዚያ በኋላ የጀግኖቹ ቁጥር በዛ፤ ፍላይሸር የሚባሉት ወንድማማቾች ከ1941 ጀምሮ ሱፐርማንን በሥዕል ፊልም አንቀሳቀሱት፤ ጦርነቱም ገበያውን አሟሟቀው። በ1954 ግን ፍሬድሪክ ወርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም የኮሚክስ መጽሔት ልጆችን ያበላሻል ሲል መጽሐፍ አወጣ፤ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴም በወጣቶች ወንጀል ረገድ ምስክር እየጠራ ነገሩን መረመረ፤ አሳታሚዎቹም ከመንግሥት ቅጣት ሳይደርስባቸው በፊት ራሳቸውን በራሳቸው የሚቆጣጠሩበት ደንብ አወጡ። በ«ዘ ኢንክሬዲብልስ» ውስጥ ጀግኖቹ በፍርድ ቤት ተከስሰው፣ መንግሥት ካሣ መክፈል ሰልችቶት፣ ማንነታቸውን ደብቀው እንደ ተራ ሰው እንዲኖሩ የሚያስገድደው ታሪክ ሲነገር፣ ከሳሾቹ ያልወደዱት ማዳን የደረሰባቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከፎቅ ራሱን ሲወረውር ጀግናው ስለ ያዘውና አንገቱ ስለ ተጎዳ የከሰሰ ነው። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን በዚያ አገር ጀግኖች በእውነት ከሸንጎ ፊት እንደ ቀረቡ ለሚያስታውስ ሰው፣ ቀልዱ ሥር ያለው ነው። ጀግኖችን በሕግ ያገደ ዓለም አስቀድሞም በ1986 መታተም በጀመረው «ዋችመን» በተባለው ታሪክ ተጽፎ ነበር፤ ያ ግን የአዋቂዎችና የጨለማ ታሪክ ነው።

ለእራቱ ማዕድ ይበልጥ የሚቀርበው በ1961 ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ያወጡት «ፋንታስቲክ ፎር» ነው፤ በዚያም አራት ጀግኖች እንደ ቤተሰብ ሆነው ይነታረካሉ፣ ይታረቃሉ። አንዱ እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ አንዲቱ ትሰወራለች፣ አንዱ ብርቱ ነው፤ ዝምድናው ለማንም ግልጽ ነው። የበርድ ብልሃት ግን ኃይላቱን እንደ ገና በማከፋፈሉ ላይ ነው፤ ከሳይንቲስቱ ላይ የመለጠጥን ኃይል ወስዶ ለእናት ሰጣት፤ እናት በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ አቅጣጫ የምትሳብ ናትና። አባት ሁሉን መሸከም ስለሚጠበቅበት ብርቱ ሆነ፤ ጎረምሳዪቱ ሰው እንዳያያት የምትሻ ስለሆነች መሰወርን አገኘች፤ የአሥር ዓመቱ ልጅ አርፎ መቀመጥ የማይችል ስለሆነ ፍጥነት ደረሰው፤ ሕፃኑ ምን እንደሚሆን ገና አልታወቀም። ተመልካቹ ይህን ትምህርት ማንም ሳይሰጠው ገና በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ይረዳዋል፤ የገዛ ቤቱን ሰዎች ያውቃቸዋልና።

ስለ ሁለተኛው ሙያ፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስናገር ከሰውዬው መጀመር ይሻላል። ብራድ በርድ በ1957 ሞንታና ውስጥ የተወለደ ሲሆን፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ የራሱን የሥዕል ፊልም መሥራት ጀምሮ ሦስት ዓመት ገደማ ደከመበት፤ ዲዝኒ ስቱዲዮ ባየለት ጊዜም ሚልት ካል የተባለው ታላቅ ሠዓሊ እንደ ደቀ መዝሙር ተቀብሎ አስተማረው። ካል ዋልት ዲዝኒ «ዘጠኙ ሽማግሌዎች» እያለ በቀልድ ይጠራቸው ከነበሩት መምህራን አንዱ ነው። የእነዚህ ሰዎች ጥበብ የሰውን አካል በጥንቃቄ መመልከት ነበር፤ አንድ ሰው ከወንበር ሲነሣ ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንደሚያርፍ፣ ሐሳብ ከመናገሩ በፊት በዓይኑ ላይ እንዴት እንደሚታይ ጠንቅቀው አውቀው፣ ያንን በእርሳስ በሴኮንድ እስከ ሃያ አራት ጊዜ በሚለዋወጥ ምስል ይከፋፍሉት ነበር። በርድ ወደ ካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብ ተቋም ገብቶ ከጆን ላሴተር ጋር በአንድ ክፍል ተማረ፤ በዲዝኒ ግን አልሰነበተም። በቴሌቪዥን ሥራ ብዙ ዓመት ካሳለፈ በኋላ በ1999 «ዘ አይረን ጃያንት»ን አወጣ፤ ሐያስያን አመሰገኑት፣ ሕዝብ ግን ሳያየው ቀረና ወጪውን አልመለሰም።

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ በሐሳቡ የተጠነሰሰው ቀደም ብሎ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ልጆች እያሳደገ ያሰባቸው ፊልሞች ሁሉ ሲከሽፉበት በነበረ ጊዜ ነው። ለሥራው ሁሉን ቢሰጥ ቤተሰቡን እንዳይበድል፣ ለቤተሰቡ ቢያደላ ሥራው እንዳይደክም ይፈራ እንደ ነበረ ራሱ ተናግሯል። በፊልሙ ውስጥ ቦብ ፓር የተባለው አባት፣ በኢንሹራንስ ኩባንያ ተቀጥሮ ካሣ የሚገባቸውን ሰዎች እንዲመልስ የታዘዘው ሰው፣ ማታ ማታ ከጓደኛው ጋር በመኪና ተቀምጦ የፖሊስ ሬዲዮ የሚያዳምጠው ከዚህ ስጋት የተነሣ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ተናድዶ ትንሿን መኪናውን ከራሱ በላይ ያነሣታል፤ ዞር ቢል በባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ የጎረቤት ልጅ አፉን ከፍቶ ያየዋል፤ ልጁ የነፋው የማስቲካ ፊኛ በፊቱ ላይ ይፈነዳል። የጀግናው ኀፍረት በዚያች ቅጽበት ከማንኛውም ቃለ ምልልስ ይልቅ ተገልጧል።

በ2000 ላሴተር የቀድሞ የክፍል ጓደኛውን ወደ ፒክሳር ጠራው። ይህ ስቱዲዮ ከጆርጅ ሉካስ ኩባንያ የኮምፒውተር ክፍል ወጥቶ በ1986 በስቲቭ ጆብስ ገንዘብ የቆመ፣ በ1995 «ቶይ ስቶሪ»ን ያወጣ ነው። ኮምፒውተሩ እስከዚያ ድረስ የተካነው በአሻንጉሊትና በነፍሳት ነበር፤ ፕላስቲክ እንዲያብረቀርቅ ማድረግ ቀላል ነው፤ የሰው ቆዳ፣ ከቆዳው ሥር የሚነሣና የሚወድቅ ጡንቻ፣ የሚጨማደድ ልብስ፣ ውኃ የነካው ጠጉር ግን እጅግ ከባድ ነበሩ። የበርድ ፊልም ደግሞ የስቱዲዮው የመጀመሪያው ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ሰዎች የሆኑለት ፊልም ሊሆን ነው። የቴክኒክ ሰዎቹ ዕቅዱን አይተው አሥር ዓመትና 500 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል እንዳሉ፣ እርሱም በዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ሐሳባቸው ሰሚ ያጣባቸውን፣ አኩርፈው ለመሄድ ያሰቡትን ስጡኝ ብሎ እንደ ጠየቀ በርድ ተርኳል። ከዋናው ችግር አንዱ የጎረምሳዪቱ ልጅ የቫዮሌት ረጅም ጠጉር ነበር፤ አሳጥረን እንገላገል ማለት አልተቻለም፤ ፊቷን በጠጉሯ የምትሸፍን ልጅ መሆኗ ጠባይዋን የሚያሳይ ነውና፤ በታሪኩ መጨረሻም ጠጉሯን ወደ ኋላ ስታስይዝና ዓይኗ ሲታይ፣ ብዙ ወራት የደከሙበት የሒሳብ ቀመር አንዲት ጎረምሳ ሰውን ቀና ብላ ማየቷን ለመግለጥ ዋለ።

ድምፁን በተመለከተ፣ በርድ ለቫዮሌት በሬዲዮ ትረካዋ የምትታወቀውን ደራሲ ሣራ ቫውልን መረጠ፤ ለሯጩ ዳሽ ድምፅ የሰጠውን ልጅም፣ እስትንፋሱ በእውነት እንዲቆራረጥ፣ በስቱዲዮው ዙሪያ አስሮጠው። ሙዚቃው የማይክል ጃኪኖ ሲሆን በ1960ዎቹ የስለላ ፊልሞች መንፈስ የተደረሰ ነው፤ ቤቶቹም፣ መኪኖቹም፣ የክፉው ሰው የደሴት ምሽግም ሁሉ ያንን ዘመን ያስታውሳሉ። የልብስ ባለሙያዋን ኤድና ሞድን ራሱ በርድ ተናገራት፤ ብዙዎች በእርሷ ውስጥ ስምንት ኦስካር ያገኘችውን ኤዲት ኸድን ያያሉ። ይህች አጭር፣ ቍጡ ሴት ካባ በልብሱ ላይ እንዲደረግለት የጠየቀውን ጀግና በካባቸው ምክንያት የሞቱትን ባልንጀሮቹን እየጠራች ስትገሥጸው፣ አንዷ በአውሮፕላን ሞተር፣ ሌላው በሚሳይል ላይ ተይዘው እንደ ጠፉ ስትዘረዝር፣ ከ1938 ጀምሮ የኖረው የልብስ ጥያቄ መልስ ያገኛል። እኔ በበኩሌ ከፍልሚያዎቹ ሁሉ ይልቅ ይህን ክፍል እመርጣለሁ።

አንዳንድ ሐያስያን ፊልሙ ባለ ተሰጥዎ ሰዎችን ከሕዝቡ በላይ ያስቀምጣል ሲሉ ነቅፈውታል። ነቀፋው ከንቱ አይደለም፤ ክፉው ሲንድሮም በልጅነቱ ጀግናውን ያመልክ የነበረ፣ ተገፍቶ የተመለሰ፣ በገዛ ብልሃቱ መሣሪያ ፈጥሮ ኃይልን ለሁሉ ልሸጥ የሚል ሰው ነውና፣ ሐሳቡ ብቻውን ቢታይ ከባለ ተሰጥዎዎቹ ይልቅ ለድኻው የቀረበ ይመስላል። ሆኖም የሚኮነነው ስለ ፈጠረ ሳይሆን ክብር ለማግኘት ሲል ጀግኖቹን አንድ በአንድ ስለ ገደለ ነው፤ ጀግናውም ያን ልጅ በማባረሩ ከበደል ነጻ አይደለም። ፊልሙ ይህን ነገር እስከ ፍጻሜው አልመረመረውም፤ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻው ፍልሚያ ማብቂያ፣ ከተማይቱ ከዳነች በኋላ፣ ሁለት አረጋውያን የድሮውን አሠራር ሲያደንቁ ይታያሉ፤ ተሥለው የቀረቡትም ድምፃቸውንም የሰጡት ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን፣ ከዘጠኙ ሽማግሌዎች ሁለቱ ናቸው። ቶማስ ፊልሙ ከመውጣቱ ሁለት ወር ቀድሞ አረፈ።

ተከታዩ ክፍል እስከ 2018 አልወጣም፤ በዚህኛው እናት ለሥራ ስትወጣ አባት ልጆች ሲጠብቅ ይውላል፤ ገቢውም ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ወደ ፊተኛው እጥፍ ተጠጋ። ታሪኩ የቀጠለው ፊተኛው ከቆመበት ደቂቃ ስለሆነ ከልጆቹ አንዱም በዓመት አላደገም፤ የዳሽ ድምፅ የነበረው ልጅ ግን በአሥራ አራቱ ዓመት ጎልምሶ ድምፁ ስለ ጎረነነ፣ ቦታውን ለሌላ ልጅ ተወ።