ሞላላና ሽብልቅ፤ በጣሊያን የስፖርት መኪናዎች መልክ ላይ የተነሣ ክርክር

የውበት ነገር ሲነሣ «ለሁሉም እንደ ዓይኑ ነው» ብሎ ክርክሩን መዝጋት የተለመደ ነው። ተማሪ በክፍል ውስጥ ከሁለት ሥዕሎች የትኛው እንደሚሻል ሲጠየቅ «እንዲያው ደስ ስላለኝ» ብሎ ይቀመጣል፤ መምህሩም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አልፎ አይጠይቅም። ዳሩ ግን ዓይን የሚወደውና የሚጠላው ነገር የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪክ ያለው ነገር ደግሞ ሊመረመር ይችላል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ወጣቶች ፎቶግራፋቸውን በየግድግዳው የሚለጥፉላቸው የጣሊያን የስፖርት መኪናዎች ናቸው። መኪናዎቹ የባለጸጋ መጫወቻዎች መሆናቸው አይካድም። ይሁን እንጂ በመልካቸው ላይ የተነሣው ክርክር የብዙ ሠራተኞችን እንጀራ የነካ በመሆኑ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ መኪናውን ማን እንደሚሠራው ማወቅ ያስፈልጋል። በጣሊያን አገር አንድ የስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ ሁለት ወላጆች ነበሩት። ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ሻንሲውን የሚሠራው አንድ ፋብሪካ ሲሆን፣ ልብሱን፣ ማለት ላሜራውን ቀርጾ የሚያለብሰው ሌላ ቤት ነበር። የእነዚህ «ልብስ ሰፊዎች» ዋና ከተማ ቱሪን ናት። ጆቫኒ ቤርቶኔ በ1912፣ ፒኒን በሚለው ቅጽል ስሙ የታወቀው ባቲስታ ፋሪና ደግሞ በ1930 ድርጅቶቻቸውን በዚያች ከተማ አቋቋሙ። የፋሪና ቤት ኋላ ፒኒንፋሪና ተባለ። በነዚህ ቤቶች ውስጥ ባለሙያዎች ላሜራውን በመዶሻ እየቀጠቀጡ በእጃቸው ቅርጽ ያስይዙት ነበር። እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር አለ፤ በእኛ ጋራዦች የሚነገሩት ላሜራ፣ ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ካምቢዮና ጎማ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ስለሆኑ፣ የአዲስ አበባ ላሜራ ቀጥቃጭ ቱሪን ቢወርድ የሥራውን ቋንቋ እኩሌታ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጣሊያንን መልክ ለዓለም ያስተዋወቀችው በ1947 ፒኒን ፋሪና የሠራት ቺዚታሊያ 202 የምትባል ትንሽ መኪና ናት። ከዚያ በፊት በነበሩት መኪናዎች ላይ ኮፈኑ ለብቻው፣ የጎማ መሸፈኛው ለብቻው፣ ጎኑም ለብቻው እንደ ተለያየ ዕቃ ይታይ ነበር። በቺዚታሊያ ግን ሁሉም ወንዝ እንዳለሰለሰው ድንጋይ አንድ ወጥ ሆነ። በኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1951 ባሳየው የመኪናዎች ኤግዚቢሽን ከስምንቱ አንዷ እርሷ ነበረች። ይህን ሞላላውን መልክ ብዙዎች «የጣሊያን መልክ ማለት ይኸ ነው» ብለው ተቀበሉት፤ ለሃያ ዓመታት ያህልም ደፍሮ የተቃወመው ሰው እምብዛም አልነበረም።

ክርክሩን የቀሰቀሱት ሰዎች የአንድ ዓመት ልጆች መሆናቸው ያስገርማል። ጆርጄቶ ጁጃሮ፣ ማርቼሎ ጋንዲኒና ሌዎናርዶ ፊዮራቫንቲ ሦስቱም በ1938 ተወለዱ። ጁጃሮ በቤርቶኔ ቤት ይሠራ ነበር፤ በ1965 መጨረሻ ለቆ ሲሄድ ቦታውን የያዘው ጋንዲኒ ነው። ፊዮራቫንቲ በፒኒንፋሪና ነበር።

ጋንዲኒ በቤርቶኔ ቤት የመጀመሪያውን ታላቅ ሥራውን ያሳየው በ1966 በጄኔቭ ኤግዚቢሽን ነው። ይኸውም ላምቦርጊኒ ሚዩራ ነው። ስሙ የስፔን የትግል ኮርማ ከሚያረባ ቤተሰብ የተወሰደ ሲሆን፣ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተሩ ከወንበሮቹ በስተኋላ በአግድም ተቀምጧል። መልኩ ግን ገና ሞላላ ነው፤ ሊዘል እንዳጎነበሰ እንስሳ ይመስላል። (መስመሩ የጋንዲኒ ነው ወይስ ጁጃሮ ትቶት ከሄደው ንድፍ የተወሰደ የሚለው ብዙ አከራክሯል። የታሪክ ተማሪዎች ምንጭን ስለ መመርመር ሲማሩ ይህን ቢያነሡት አይከፋም።) ሞላላው መልክ ከዚህ የበለጠ የሚያምር ነገር አላወጣም ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

የሚዩራ ደራሲ ግን ያንኑ መንገድ አልቀጠለም። በ1968 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ካራቦ የሚባል መኪና አቀረበ። አፍንጫው እንጨት እንደሚፈለጥበት ሽብልቅ ቀጭን፣ ወደ ኋላ እየወፈረ የሚሄድ፣ በሮቹም ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ የሚከፈቱ ነበሩ። በ1970 ደግሞ ቤርቶኔ ከፍታው 84 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነውን ስትራቶስ ዜሮን አሳየ። ይህ ከመማሪያ ክፍል ጠረጴዛ እምብዛም የማይበልጥ ነው፤ ነጂው የሚገባው የፊት መስተዋቱን ከፍቶ በአፍንጫው በኩል ነበር። በዚያው ዓመት ፒኒንፋሪና እንኳ ሞዱሎ በምትባለው መኪና ወደ አዲሱ መልክ አዘነበለ። በ1971 ላምቦርጊኒ ኩንታሽ በጄኔቭ ታየ። «ኩንታሽ» በቱሪን አካባቢ የገጠር ቋንቋ በመደነቅ ጊዜ ከአፍ የሚያመልጥ ቃል ነው፤ እኛ «ኧረ ጉድ!» እንደምንለው ማለት ነው።

በሚዩራና በኩንታሽ መካከል ያለው አምስት ዓመት ብቻ ነው፤ የሣላቸውም እጅ አንድ ነው። ታዲያ ዓይኑ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዴት ተገለበጠ? አንዱ ምክንያት ሞተሩ ወደ ኋላ መዛወሩ ነው። ከፊት ለፊት ሞተር ከሌለ ኮፈኑን ከፍ አድርጎ መሥራት አያስፈልግም። ሁለተኛው ነፋስ ነው፤ ሚዩራ በኃይል ሲነዳ አፍንጫው ከመሬት የመነሣት ጠባይ ስለነበረው፣ ሽብልቅ ቢሆን አየሩ ወደ ታች ይጫነዋል ተብሎ ታሰበ። ደግሞም የአሜሪካ ሕግ የፊት መብራት ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ያዝ ነበር። አፍንጫው ከዚያ በታች ለሆነ መኪና መብራቱን ሸሽጎ ሲመሽ ብቅ ማድረግ ግድ ሆነ። ብዙ ሰው ለጌጥ የተደረገ የሚመስለው ብቅ ጥልቅ የሚል መብራት የሕግ ልጅ ነው። በመጨረሻም ዘመኑ ሰው ጨረቃ ላይ የወጣበት ዘመን መሆኑን አንርሳ።

ሹል መስመርን ከፍጥነት ጋር ማያያዝ ለጣሊያኖች ድንገተኛ ነገር አልነበረም። ገጣሚው ማሪኔቲ በ1909 ባወጣው መግለጫ የእሽቅድድም መኪናን በፓሪስ ካለው ታዋቂ የግሪክ ሐውልት በውበት አስበልጦ ነበር። ያ ፍጥነትን የማምለክ ስሜት ንጹሕ እንዳልነበረ ደግሞ የእኛ አገር ሰው ያውቃል፤ ማሪኔቲ ራሱ ኢትዮጵያን ከወረረው ጦር ጋር በፈቃዱ ዘምቷል። በ1938 አሥመራ ላይ የተሠራው ፊያት ታሊዬሮ የተባለው የቤንዚን ማደያም ምሶሶ በሌላቸው ሁለት ረጃጅም ክንፎቹ የዚያው ስሜት ምስክር ሆኖ ቆሟል።

የሞላላው መልክ ወዳጆች ሽብልቁን «በማስመሪያ የተሠመረ ሣጥን ነው፤ ሕይወት የለውም» አሉት። የሽብልቁ ወዳጆችም በበኩላቸው ሞላላውን ያለፈ ዘመን ሙሾ አደረጉት። ሁለቱም ወገኖች ሳይንስን ምስክር ጠርተዋል። ነገር ግን ነፋስ የሚፈርደው በዓይን ግምት አይደለም። ፒኒንፋሪና በ1972 መኪናን በሙሉ ቁመናው የሚፈትን የነፋስ ዋሻ በቱሪን አጠገብ ከከፈተ ወዲህ ብዙ ግምት ፈርሷል። አየርን ይሰነጥቃል የተባለለት ኩንታሽም በአየር ውስጥ ያን ያህል ቀላል ሆኖ አልተገኘም። ወደ ኋላ ማየትም ስለማይቻልበት፣ ነጂው ማርሽ ወደ ኋላ ሲያስገባ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ማስገግ ነበረበት። በ1974 ለገበያ የዋለው የመጀመሪያው ኩንታሽ ግን መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ከ1978 ወዲህ ወፋፍራም ጎማና የጎማ መሸፈኛ፣ በጀርባውም ላይ ገዢዎች የወደዱት ክንፍ ተጨመረበት። ክንፉ ፍጥነቱን የሚቀንስ ሆኖ ሳለ ገዢው ገንዘብ ጨምሮ ይወስደው ነበር። በእኔ በኩል ክንፉ ያለ አገልግሎት የበቀለ ቀንድ ነው፤ ይሁንና የሸጠው ቀንዱ ነው።

ክርክሩ ይበልጥ የመረረው በፌራሪ ላይ ነበር። ፌራሪ ለብዙ ዓመታት የመንገድ መኪናዎቹን ልብስ የሚያሰፋው በፒኒንፋሪና ነበር። ፊያት በ1969 የፌራሪን እኩሌታ ድርሻ ከያዘ በኋላ፣ በ1973 ዲኖ 308 ጂቲ 4 የተባለው መኪና በቤርቶኔ ንድፍ በፓሪስ ሲቀርብ ብዙዎች ተቆጡ። ጋንዲኒ የሣለው ይህ መኪና ማዕዘናማ ነበር። «ይህ ፌራሪ አይደለም» ተባለ። እንዲያውም ፋብሪካው መጀመሪያ ላይ የፌራሪን ምልክት አልለጠፈበትም፤ የለጠፈበት በ1976 ነው። በ1975 ፒኒንፋሪና በዚያው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር 308 ጂቲቢን አወጣ። ይህ በፊዮራቫንቲ መሪነት የተሠራው መኪና አፍንጫው ቢሾልም ጎኑ ሞላላ ነበር። ተመልካች ሁሉ አጨበጨበ፤ በኋላም ጣሪያው የሚነሣው ወንድሙ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታይቶ ዝናው ገነነ። ከ308 ጂቲ 4 የተሠሩት 2800 ያህል ሲሆኑ፣ የፒኒንፋሪናው 308 ከነወንድሙ ወደ 12,000 ደረሰ።

ፍርዱ ያለቀ ይመስላል። ግን ሁለቱ መኪናዎች የቀረበላቸው ጥያቄ አንድ አልነበረም። ጋንዲኒ የታዘዘው አራት ሰው የሚይዝ፣ ሞተሩም ከኋለኛው ወንበር በስተጀርባ የሆነ መኪና እንዲሠራ ነው። ስለዚህ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ55 ሆነ፤ ጣሪያው ረዘመ፤ ነጂው ወደ ፊት ተገፋ። ፊዮራቫንቲ ግን ሁለት ሰው ብቻ አስቀምጦ ርቀቱን በ21 ሴንቲ ሜትር አሳጠረ፤ በተረፈው ቦታ መስመሩን እንደ ልቡ አጎበጠው። ሁለት ልጆች የያዘን አባት ብቻውን ከሚሮጥ ጎረምሳ ጋር አቁሞ «ማን ያምራል?» ብሎ መጠየቅ ፍርድ አይሆንም። ከዓመታት በኋላ የጂቲ 4ን አነዳድ የቀመሱ ሰዎች መልኩንም ማድነቅ ጀምረዋል። ለቤርቶኔ ሠራተኞች ግን ምስጋናው ዘገየ፤ ፌራሪ በዚያን ዘመን ወደ ፒኒንፋሪና ተመለሰ።

ጋንዲኒ ራሱም በሌላ ዓይን ተዳኝቷል። ላምቦርጊኒ በ1987 በአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ እጅ ሲገባ፣ ለኩንታሽ ተተኪ የሣለውን ንድፍ የዲትሮይት ሰዎች ማዕዘኑን አለዘቡት። ያ መኪና በ1990 ዲያብሎ ተብሎ ወጣ። ጋንዲኒ ያልለዘበውን ሐሳቡን ይዞ ቺዜታ ወደሚባል ትንሽ ድርጅት ሄደ። ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ስማቸውን በወረቀት ሸፍኖ ተማሪዎችን ማከራከር ጥሩ የክፍል ሥራ ነው፤ ነገር ግን «ደስ አለኝ» የሚል መልስ አይቆጠርም።

ጋንዲኒ በ2024 አረፈ። ቤርቶኔ ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ2014፣ ከስሮ በሩን ዘግቶ ነበር። ፒኒንፋሪናን የሕንዱ ማሂንድራ ለመግዛት የተስማማው በ2015 ሲሆን፣ ፌራሪም የመኪናዎቹን መልክ በራሱ ግቢ ውስጥ መሣል ጀምሯል። በቤርቶኔ ግቢ የነበሩት ከ70 የሚበልጡ ናሙናዎችና መኪናዎች በ2015 በሐራጅ ተሸጠው በሚላን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጠዋል።