ኢሜይሉ «ታይም አውት» ሲል፦ አንቲቫይረስና የስፓም ማጣሪያ ሲጋጩ ምን እናድርግ?

ካኩማ ካምፕ ውስጥ መምህር ነኝ። ከክፍል በኋላ በመምህራን ክፍል ባለችው አንዲት ላፕቶፕ ለተማሪዎችና ለጎረቤት ኢሜይል እልካለሁ። የኮምፒውተር ትምህርት ኮሌጅ ገብቼ አልተማርኩም፤ ይህን የምጽፈው ችግሩ ራሴ ላይ ስለደረሰ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ለስኮላርሺፕ የምታመለክትበት የመጨረሻው ቀን ነበር። የፈተና ውጤቷንና የስደተኛ ማስረጃዋን ስካን አድርገን አያያዝንና «ላክ» አልን። ትንሽ ይሄድና ይቆማል፤ ከዚያ «ታይም አውት» ይላል። «ቲቸር፣ ኔትወርኩ ነው እኮ» አለችኝ። እኔም አመንኩና ሮጬ ባንድል ገዛሁ። ምንም ለውጥ የለም። ሊመሽ ሲል በብሮውዘር ገብተን ስንልከው ወዲያው ሄደ። ለካ ጥፋተኛው ኔትወርኩ አልነበረም።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

እንደ አውትሉክ ወይም ተንደርበርድ ያለ የኢሜይል ፕሮግራም ከሰርቨሩ መልስ የሚጠብቀው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ «ታይም አውት» ብሎ ያቋርጣል። ብዙ አንቲቫይረሶች ደግሞ በፕሮግራሙና በሰርቨሩ መካከል ቆመው ደብዳቤውን ይፈትሻሉ። በላፕቶፑ ላይ ለብቻው የተጫነ የስፓም ማጣሪያ ካለ እሱም እዚያው መካከል ይቆማል። አንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ ቆሞ ያንኑ ሻንጣ ደጋግሞ እንደሚፈትሽ አስቡት። ፕሮግራሙ ማጣሪያውን ይጠብቃል፣ ማጣሪያው አንቲቫይረሱን ይጠብቃል፣ ሰዓቱ ግን ይሮጣል። በዚያ ላይ የተያያዘ ፋይል በኢሜይል ሲሄድ መጠኑ በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ 6 ሜጋባይት የነበረው ወደ 8 ይጠጋል። በደካማ ኔትወርክ ይህ ቀላል አይደለም።

ምልክቶቹ

• በብሮውዘር ኢሜይሉ ይሠራል፣ በፕሮግራሙ ግን አይሠራም።
• አጭር ደብዳቤ ይሄዳል፣ ፋይል የተያያዘበት ግን ይቆማል።
• የደረሰ ደብዳቤ ደጋግሞ ይገባል፤ ግንኙነቱ ሳያልቅ ስለሚቋረጥ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ያወርደዋል።
• ችግሩ የጀመረው አዲስ አንቲቫይረስ ከተጫነ ወይም አፕዴት ከተደረገ በኋላ ነው።

መፍትሔው በቅደም ተከተል

1. መጀመሪያ በብሮውዘር ሞክሩ። እዚያም ካልሠራ ችግሩ ኔትወርክ ወይም ፓስወርድ ሊሆን ስለሚችል ከዚያ ጀምሩ። ከሠራና ቀኑ ከደረሰባችሁ ግን ከዚያው ላኩና ጥገናውን ለነገ አቆዩት።

2. አውትቦክስ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረ ደብዳቤ ካለ አውጡት። አለበለዚያ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ያንኑ ለመላክ እየሞከረ ባንድላችሁን ይበላል።

3. የአንቲቫይረሱን ሴቲንግ ክፈቱና ኢሜይል የሚፈትሸውን ክፍል ብቻ ኦፍ አድርጉ። ሙሉውን አንቲቫይረስ እንዳታጠፉ! እዚህ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞረው። ፋይሎችን የሚጠብቀው ክፍል ኦን እስከሆነ ድረስ የተያያዘው ፋይል ሴቭ ሲደረግ ወይም ሲከፈት ይፈተሻል። ከዚያ ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጋችሁ በአጭር ደብዳቤ ሞክሩ።

4. ተጨማሪውን የስፓም ማጣሪያ አንኢንስቶል አድርጉ። ጂሜይልን የመሳሰሉት በራሳቸው ሰርቨር ላይ ስፓም ያጣራሉ፤ በላፕቶፑ ላይ ሁለተኛ አያስፈልግም። ሁለት አንቲቫይረስ ካለም አንዱ ይበቃል።

5. ማጣሪያው ከወጣ በኋላ ጭራሽ እምቢ ካለ የአካውንቱን ሴቲንግ እዩ። አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች የሰርቨሩን አድራሻ ወደ 127.0.0.1 ይቀይሩታል። ይህ የላፕቶፑ የራሱ አድራሻ ነው፤ ማለት ኢሜይሉ የራሱን በር እያንኳኳ ነው። የኢሜይል አገልግሎታችሁ የሚሰጠውን ትክክለኛ የሰርቨር አድራሻ መልሳችሁ ጻፉ።

6. አሁንም ካስቸገረ የመጠበቂያውን ጊዜ አስረዝሙ። በቆየው አውትሉክ የተለመደው 1 ደቂቃ ሲሆን እስከ 10 ደቂቃ ማድረስ ይቻላል።

ላፕቶፑ የድርጅት ከሆነ ሴቲንግ ከመንካታችሁ በፊት ኃላፊውን አስፈቅዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ታይም አውት» አለ ማለት ሁልጊዜ አልሄደም ማለት አይደለም። ሰርቨሩ ደብዳቤውን ተቀብሎ መልሱ ብቻ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደገና ከመላካችሁ በፊት በብሮውዘር ገብታችሁ የተላኩትን ዝርዝር እዩ። አለበለዚያ አንዱ ማመልከቻ ሦስት አራት ጊዜ ይደርሳቸዋል።

እኛ ላፕቶፕ ላይ የሠራው ሦስተኛውና አራተኛው ነው። ተማሪዬ ማመልከቻዋ እንደደረሰ የሚገልጽ መልስ አግኝታለች፤ ውጤቱን እየጠበቀች ነው። እናንተ ግን እንደኛ እስከ መጨረሻው ቀን አትጠብቁ። ፋይሉን አሳንሳችሁ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ላኩ። የዓመት ልፋት በአንድ ማጣሪያ ምክንያት በር ላይ መቅረት የለበትም።